ጣራ የሌለው ገዳም

«አውጣው አልኩህ!»

«አላወጣም።»

«አውጣው! ማትናስ አዳራሽ ድረስ ሄደህ፣ ያን ሁሉ ሽማግሌ ፊትህ አስቀምጠህ፣ ይህን ልታነብብኝ ነው?»

«ሰው እንዲሰማው ነው የጻፍኩት፣ አባ። መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ አይደለም።»

«እኔ በቁሜ አይሆንም!»

«ኧረ ቀስ በሉ!» አለች እናቴ ከወጥ ቤት። «ሩሲያዊቷ ጎረቤት ፖሊስ ትጠራብናለች!»

«ትጥራ! ፖሊሱም ይምጣና ልጄ የጻፈውን ይስማ!»

ወረቀቱ በሁለታችን መካከል ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አሽዶድ፣ ሮቫ ዩድ ዛይን የሚባለው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ የወላጆቼ ሳሎን። በመስኮቱ በኩል የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። አባቴ እነዚያ ክሬኖች ሥር፣ መርከብ ላይ ኮንቴነር ሲያስሩ ነው ጉልበታቸው ያለቀው። ሐሙስ ማታ ማትናስ በሚሉት የሰፈሩ ሕዝብ መሰብሰቢያ ማዕከል የሽማግሌዎች ምሽት አለ፤ ከየቤቱ አንድ ልጅ ስለ ቤተሰቡ የጻፈውን በአዳራሹ ያነባል። እኔ ግጥም ጻፍኩ። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን፣ ከእናቴ የመሠረተ ትምህርት መጽሐፍ ነው። ግጥም ያስተማረኝ ደግሞ የለም። ስለዚህ አንድ መስመር ለማቃናት ሳምንት ይፈጅብኛል። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እያስኬዱ ማንበብ ጀመሩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። መስመሩ «የአባቴ አጎት መነኩሴ ነበር» ይላል።

«እስከ መቼ ነው የሚያፍሩበት?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ማፈር? ማፈር አልክ? አየርላንድ ላይ ምን ነበር ያልኩህ?»

«ዝም በል ነበር ያሉኝ።»

«ያን ብቻ ነው ያልኩህ?»

ዝም በል የሚለውን ብቻ ነበር ይዤ የቆየሁት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን ይዤ ተናደድኩባቸው። አሁን ግን ሌላውን፣ ያልያዝኩትን፣ መፈለግ ጀመርኩ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጦር ሠራዊት ከወጣሁ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ሮቫ ዩድ አሌፍ አንድ መጋዘን ውስጥ ሳጥን እጭናለሁ፣ በሳጥኖቹ ጀርባ ላይ ደግሞ ግጥም እጽፋለሁ። የማልናደድበት ነገር አልነበረም። ገበያ ማዕከሉ በር ላይ ከፊቴ ያለውን አሳልፎ የእኔን ቦርሳ ብቻ በሚበረብር ዘበኛ እናደዳለሁ። በአውቶቡስ ሹፌር እናደዳለሁ። ከሁሉ በላይ ግን በአባቴ «ይሁን» እናደድ ነበር። አባቴ ለሁሉም ነገር «ይሁን» ይላሉ። የሥራ ሰዓት ተቀየረ፣ ይሁን። ልጃቸው የሚሆን አለቃ «ባባ» እያለ ትከሻቸውን ይመታቸዋል፣ ፈገግ ይሉና ይሁን። ያቺን ፈገግታ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር መስበር ያምረኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የወደቡ ሠራተኞች ኮሚቴ፣ እነሱ ቫዓድ የሚሉት፣ ለነባር ሠራተኞች የአምስት ቀን ጉዞ አዘጋጀ። አገሩ አየርላንድ ነው። ለአንድ ሠራተኛ ከነሚስቱ። እናቴ «አምስት ቀን ሙሉ ዝናብ ለማየት? እዚህ ክረምት ሲመጣ አየዋለሁ» ብላ እምቢ አለች፤ ቦታዋ ለእኔ ደረሰ። አባቴ ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ቱና፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ አንድ ከረጢት የገብስ ቆሎ ከተቱ። ልብስ የገባው በተረፈው ቦታ ነው።

ወሩ ግንቦት ነበር። እዚያ አገር በቀን አራት ጊዜ ይዘንባል፤ በዝናቡና በዝናቡ መካከል የምትወጣው ፀሐይ ገና ታጥባ የተሰጣች ትመስላለች። አረንጓዴው መጀመሪያ ያስደስታል፣ ቆይቶ ያደክማል። ማሳው ሁሉ ደረት በሚደርስ የድንጋይ ካብ የተከፋፈለ ነው፤ በየካቡ ጥግ ነጭ አበባ ያፈሰሰ እሾሃማ ዛፍ አለ፤ አየሩ እርጥብ ሱፍና እበት ይሸታል። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ደግሞ ላሞች መሀል ፍርስራሽ ይቆማል። ረጅም ግድግዳ፣ ጣራ የለውም። ረጅም መስኮት፣ መስታወት የለውም። ውስጡ ዛፍ በቅሏል።

አባቴ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ከኋላ ያሉት ይዘፍናሉ፣ ያጨበጭባሉ። አባቴ ፍርስራሹን ሲያዩ ወሬ አቆሙ።

«ይህን ማን አፈረሰው?» አሉኝ።

አስጎብኚያችንን ኦርሊን ጠየቅኳት። ማይክሮፎኗን አነሳችና ለሁሉም ተናገረች፤ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንድ የእንግሊዝ ንጉሥ ገዳማቱን ዘጋ፣ ናዚሪሙን አባረረ፣ ጣራው ተገፈፈ። ገዳም መሆኑን ለአባቴ ነገርኳቸው። እስከ ማደሪያችን ድረስ ግንባራቸውን ከመስታወቱ አላነሱም።

አራተኛው ቀን ነፃ ነበር። ሌሎቹ ውስኪ የሚጠመቅበትን ለማየት ሄዱ። አባቴ «ካልጠጣሁት ሽታውን ምን አደርገዋለሁ» አሉና ወደ እኔ ዞር ብለው «ያን የፈረሰውን እንየው» አሉኝ። ገረመኝ። አይሁዳዊ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ባለበት መንገድ እንኳ ማዶ ተሻግረው የሚያልፉ ሰው ናቸው። ኦርሊ በካርታ አሳየችን፤ ከማደሪያው ጀርባ፣ ሦስት እርሻ አቋርጠን። ባለ እርሻዎቹ ሰው ሲያልፍ አይከለክሉም፣ በሩን ከኋላችሁ መዝጋት ብቻ አትርሱ አለችን።

ሄድን። አባቴ ያደረጉት ብረት አፍንጫ ያለውን የወደብ ጫማቸውን ነው። እያንዳንዱን የብረት በር ዘግተው፣ ትንሽ ራመድ ብለው፣ ተመልሰው መዘጋቱን ያያሉ። ሁለተኛው እርሻ ላይ ጊደሮች ከበቡን። እኔ ካቡ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። አባቴ በምላሳቸው አንድ ድምፅ አሰሙ፤ ጊደሮቹ ወደ ኋላ አሉ።

«ወታደር ነበርኩ ትል አልነበር?» አሉኝ ወደ ላይ እያዩ።

ስወርድ ግን ሳቃቸው ቆሟል። «ያቺ ልጅ ናዚሪም ያለችው ምንድን ነው?»

«ናዚር? የማያገባ፣ ከሰው ተለይቶ የሚኖር፣ ሲጸልይ የሚውል ሰው ነዋ።»

«በዕብራይስጥ?»

«በዕብራይስጥ። ኦሪት ላይም አለ። ሶምሶን ናዚር ነበር ይባላል፤ ጸጉሩን የማይላጭ፣ ወይን የማይጠጣ።»

ቆሙ። «ኦሪት ላይ አለ? ራቢ ቢሰማው አይከፋውም?»

«ለምን ይከፋዋል? የራሱ ቃል እኮ ነው።»

ሦስተኛው በር ጋ ደረስን። ያን በር ሳይዘጉት አለፉ፤ ተመልሼ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ፍርስራሹ ከሩቅ ሲታይ ከመሰለኝ በላይ ትልቅ ነበር። በግድግዳው ላይ የድንጋይ ሽበት በቅሏል፤ የመስኮቱ ቅስት ሰማይ ብቻ ይዟል። «እንግባ» አልኳቸው። እምቢ አሉ። «ጣራ እኮ የለውም» አልኳቸው። «ጣራ ባይኖረውም የእነሱ ነው» አሉኝ። ከእሳቸው ጋር መከራከር ሰልችቶኝ ብቻዬን ገባሁ። ወለሉ ሣርና የበግ ኩስ ነው። ውስጥ ቆሜ ለግጥም የሚሆን ስሜት ስጠብቅ አባቴ ከውጭ ጠሩኝ።

ስወጣ ከዋናው ሕንፃ ራቅ ብሎ ያለ ዝቅተኛ ካብ አጠገብ ቆመዋል። ካቡ ላይ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። መዳፋቸውን አሳርፈውበታል።

«እንዲህ ያለ ላይ ነበር የምናስቀምጥለት» አሉ።

«ምኑን?»

«ጥሬውን። ሽምብራውን፣ ገብሱን።»

ያኔ ነው ስለ አጎታቸው መጀመሪያ የሰማሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት ኖረን አንድ ቀን ስሙን አንስተውት አያውቁም። አጎታቸው ከመንደሩ በላይ፣ ጉብታው ላይ፣ በካብ ታጥሮ ነበር የሚኖረው። እሱን የሚነካ የለም። ሰው የነካውን አይበላም። የመንደሩ ሰው ጥሬ እህል ወስዶ ካቡ ላይ ያስቀምጣል፣ ይጣራል፣ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። አጎትየው ከዚያ ወጥቶ ያነሳል፤ ከቆመበት ሆኖ ይመርቃል። ራሱ ፈጭቶ፣ ራሱ አብስሎ ይበላል። ሲጸልይ ድምፁ እታች ምንጩ ድረስ ይሰማል።

«አቅፎኝ አያውቅም» አሉ አባቴ። «ግን እንደ እሱ የወደደኝ የለም። መሎክሴ ነበር።»

«መነኩሴ ማለትዎ ነው?»

«መነኩሴ የክርስቲያኖቹ ነው። የእኛ መሎክሴ ነው።»

ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ለእኔ የሁለት ፊደል የአነጋገር ልዩነት ነበር፤ ባላገር ቃሉን ሲያጣምመው። ያን የነቀነቅሁትን ትከሻ ዛሬ ባገኘው እመታው ነበር።

ይባስ ብዬ ከኪሳቸው አንድ እፍኝ ቆሎ አወጣሁና ድንጋዩ ላይ አደረግሁት። ያማረ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አባቴ በእጃቸው ጠርገው ጣሉት።

«ቆሎ አይቀበልም! የተቆላ ነው፣ የሰው እጅና እሳት ነክቶታል! ጥሬ ብቻ አላልኩህም?»

«አባ፣ ሰውየው የለም እኮ! ማን ነው የሚቀበለው?»

«ባይኖርም!»

ከዚያ ሌላው ወጣ። ከአገራቸው በአውሮፕላን በመጡ በወሩ፣ ባረፉበት ሆቴል፣ አንድ ሰውዬ ወረቀት ይዞ ቤተሰባቸውን ይጠይቃቸዋል። አስተርጓሚው ቀደም ብሎ የመጣ የትግሬ ወገን ወጣት ነው፣ አማርኛ የለመደ አይደለም። አባቴ የዘራቸውን ሲቆጥሩ በኩራት «አጎቴ መሎክሴ ነበር» አሉ። ወጣቱ አልገባውም። «መነኩሴ ማለትህ ነው?» አላቸው። ከኋላቸው ብዙ ሰው ተሰልፏል፣ እናቴ እርጉዝ ናት፣ ቆማለች። «ይሁን» አሉ አባቴ። ወጣቱ ዞሮ ለሰውየው በዕብራይስጥ «ኮሜር» አለው።

ኮሜር የክርስቲያን ቄስ ነው። የሰውየው እስክሪብቶ ቆመ። ቀና ብሎ አያቸው። የእነሱን ወረቀት ከሌሎቹ ለየና ሌላ ቦታ አስቀመጠው።

«ሁለት ዓመት!» አሉ አባቴ። ድምፃቸው እንዲህ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «ሁለት ዓመት ጠብቁ አሉን! በሦስት ሰዎች ፊት አቁመው አይሁዳዊ ነኝ ብለህ ተናገር አሉኝ። እኔን! ስለ ኢየሩሳሌም ሲያለቅስ ዓይኑ የጠፋ ሰው ዘመድ፣ እኔን! ናዚር ቢላቸው ኖሮስ? ኦሪታቸው ላይ አለ አላልክም? አንድ ቃል! አንድ ቃል ነው ያጠፋኝ!»

በብረት አፍንጫው ጫማ ካቡን መቱት። ደገሙት። ጎንደርኛ ስድብ፣ የወደብ ስድብ፣ መኖራቸውን እንኳ የማላውቃቸው ስድቦች እየተከታተሉ ወጡ። ከመስኮቱ ቅስት ቁራዎች ተነስተው በረሩ።

ከማሳው ማዶ ባለ እርሻው ባለ አራት ጎማ ሞተሩን እያስጮኸ መጣ። ቀይ ፊት ያለው ሽማግሌ ነው፣ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ጫማ አድርጓል። ደህና ናችሁ ወይ ማለቱ ብቻ ገባኝ። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ «እየጸለዩ ነው» አልኩት። ሰውየው ወዲያው ቆቡን አወለቀና አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

አባቴ ስድባቸውን አቆሙ። «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው ቆቡን ያወለቀው?»

«እየጸለዩ ነው ብዬው ነው።»

«ውሸታም! እየተሳደበ ነው በለው!»

አልነገርኩትም። ሰውየው ቆቡን አጥልቆ፣ በአክብሮት እጅ ነስቶን ሄደ። ለጸሎት ሁሉም ቆቡን ያወልቃል፤ ለተናደደ ሽማግሌ የሚያወልቅ አላየሁም።

ስንመለስ ዝናቡ ያዘን። አባቴ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፣ አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ። የመጨረሻው በር ላይ ሳይዞሩ ተናገሩ፤ «ወይ በስሙ ጥራው፣ ወይ ዝም በል። ለማንም አታውራ።»

እኔ የሰማሁት መጨረሻውን ነው። ፈሩ፣ አፈሩ፣ ዝም አሰኙኝ ብዬ ደመደምኩ። አሽዶድ ስንመለስ ጓደኞቻቸው ጉዞው እንዴት ነበር ሲሏቸው «ጥሩ ነው፣ ዝናብ ነው» አሉ፤ በማግሥቱ አለቃቸው «ባባ» ብሎ ትከሻቸውን መታ፣ እሳቸውም ፈገግ አሉ። ማንም በማያውቃቸው አገር፣ ለቁራና ለካብ የጮኹ ሰው እዚህ ድምፃቸውን ዋጡ። ይህን ይቅር ማለት አቃተኝ።

ሌላም የሚያናድደኝ አለ። የአየርላንድ ፍርስራሽ አቅጣጫ የሚያሳይ ሰሌዳ አለው። ገበሬው መሬቱን አቋርጣችሁ እዩት ይላል። የእኛ ካብ ግን ምን ሆነ? ድንጋዩን አንዱ ለከብት በረት ወስዶት ይሆናል፤ ሰሌዳ የለው፣ መንገድ የለው፤ የቀረው አንድ ሽማግሌ አፍ ውስጥ ያለ አንድ ቃል ነው። እሱን ነበር ሐሙስ አዳራሽ ውስጥ ላወጣው የፈለግሁት። እንዲህ እያሰብኩ ነበር ግጥሙን የጻፍኩት። ስጽፈው ግን አንባቢ እንዲገባው፣ ሰው የሚያውቀውን ቃል መረጥኩ። ለሦስተኛው መስመርም ልኩ ገጠመልኝ። ደስ አለኝ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ አባቴ።

«የሚንሓ ጸሎት ደርሷል» አለች እናቴ ከወጥ ቤት።

አባቴ ከእናቴ የገበያ ወረቀት ላይ እስክሪብቶውን አነሱና ግጥሙ ላይ ጎነበሱ።

«ቢሰርዙትም አነበዋለሁ» አልኳቸው። «በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ለመሰረዝ ከሚያስፈልገው በላይ ጊዜ ወሰደባቸው፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ይቧጭራል። ሲጨርሱ ወረቀቱን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም። ወደ በሩ ሄደው የጫማ መደርደሪያው ላይ አስቀመጡትና ወደ ኋላ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄዱ። ከዚያ በላይ ኮሪደሩ አይበቃም።

«ና ውሰድ» አሉ።

ሄጄ አነሳሁት። መስመሩ እንዳለ ነው፤ አጎትየውም እዚያው ነው። የተሰረዘው «መነኩሴ» ብቻ ነው። ከላዩ በትልልቅ፣ በተጣመሙ ፊደሎች «መሎክሴ» ተጽፏል።

ፊቴ ጋለ። «አባ፣ እኔ እኮ…»

«ያኔም ለገበሬው የነገርከው ሌላ ነው። አሁንም ሌላ ነው» አሉ። «አንተም አስተርጓሚ ሆንክብኝ።»

«ሰው ቃሉን አያውቀውም ብዬ ነው።»

«አይወቅ! ይጠይቅሃ! ሲጠይቅህ አፍህን ከፍተህ ትነግረዋለህ!»

ባርኔጣቸውን ከመስቀያው አወረዱ። እናቴ እጇን በፎጣ እየጠረገች ብቅ ብላ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየች።

«ሐሙስ ከኋላ ነው የምቀመጠው» አሉ አባቴ፣ «በሩ አጠገብ። ያን ቃል ከሳትከው ተነስቼ እወጣለሁ። እንዲህ ብዬ።»

ወጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፤ ከዚያም መዘጋቱን ለማየት እጀታውን ከውጭ አንዴ ሲጎትቱት ሰማሁ።